የሀዋሳ «ሜትሮ» ከመናኸሪያ ይነሳል

«ሻሸመኔ! ሻሸመኔ የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል አንዱ ረዳት። «ዲላ! ዲላ! ይርጋለም ወራጅ ግባ!» ይላል ሌላው ከወዲያ ማዶ። በመሀል ሻንጣ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሸንኮራ አገዳ የታቀፈው ይተላለፋል። ከአዲስ አበባ የመጣው አውቶቡስ ቆሞ በሩን ከመክፈቱ የባጃጅ ሾፌሮች ከበውታል። «ወንድሜ ወዴት ነህ? ፒያሳ? ሐይቅ ዳር? ስታዲየም?» የክለቡን ስካርፍ አንገቱ ላይ የጠመጠመው ደጋፊ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን ያያል። ጨዋታው ሊጀመር የቀረው ጊዜ ብዙ አይደለም። ከተማውን አያውቀውም። የሚያነበው ካርታ፣ የሚከተለው ቀስት፣ ገንዘብ ከትቶ ትኬት የሚቀበልበት ማሽን የለም። ያለው ጆሮውና አፉ ብቻ ነው።

እንግዲህ በሀዋሳ የተጓዥ ደጋፊ ጨዋታ የሚጀመረው በዳኛው ፊሽካ ሳይሆን እዚህ፣ መናኸሪያው ውስጥ ነው። ቀኑ የሚያምርለትም የሚበላሽበትም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ መጀመሪያ ባናገረው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባቡሩ ወዲያ፣ ኳሱ ወዲህ

በሌላው ዓለም የእንግዳ ደጋፊ መሪው ሜትሮ ነው። እዚህ አገር ብዙ ደጋፊ ያለው አርሰናል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ለንደን ውስጥ በፒካዲሊ መስመር ላይ የሚገኘው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በ1906 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ስሙ ጊሌስፒ ሮድ ነበር። የዘመኑ አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ባደረጉት ግፊት በ1932 እ.ኤ.አ. «አርሰናል» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከየትም አገር የመጣ እንግዳ፣ እንግሊዝኛ ባይችል እንኳ፣ የክለቡን ስም ካርታው ላይ ፈልጎ መውረድ ነው የሚጠበቅበት። ክለቡ በ2006 እ.ኤ.አ. ከሃይበሪ ወጥቶ ወደ ኤምሬትስ ሲዛወርም አዲሱ ሜዳ ከአሮጌው ብዙ ስላልራቀ ጣቢያው ስሙንም ሥራውንም ይዞ ቀጥሏል።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ አዲስ አበባም ይህን ዕድል አግኝታ ነበር። የከተማዋ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ባለው መስመር ሥራ ጀመረ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች 39 ጣቢያዎች ሲኖሯቸው መሀል ከተማ ላይ ሐዲድ ይጋራሉ። ከሚጋሯቸው ጣቢያዎች አንዱ ስሙ «ስታዲየም» ነው። ያኔ ሒሳቡ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሴካፋ ዋንጫ በኢትዮጵያ አስተናጋጅነት ሲካሄድ ከአያትም ሆነ ከቃሊቲ የተነሳ ተመልካች በጥቂት ብር «ስታዲየም» ወርዶ ዩጋንዳ ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ ማየት ይችል ነበር።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ባቡሮቹ በመለዋወጫ ዕጥረት እየቆሙ አገልግሎቱ ሳሳ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለእድሳት ተዘግቶ ዓመታት አስቆጠረ። «ስታዲየም» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ወርዶ የሚገባበት ጨዋታ ግን ጠፋ። ኳሱ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ክልል ከተሞች ሄደ። ከሄደባቸው ከተሞች አንዷ ደግሞ ሐዲድም ሜትሮም የማታውቀው ሀዋሳ ናት። ባጭሩ ባቡር ያላት ከተማ ኳሱን አጣች፤ ኳሱን ያገኘችው ከተማ ባቡር የላትም።

ሁሉም እንግዳ የሆነበት ሊግ

ሀዋሳ ለእግር ኳስ አዲስ አይደለችም። ያኔ አዋሳ ከነማ ይባል የነበረው የከተማዋ ክለብ በ1996 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የአዲስ አበባ ክለቦችን ደጋፊዎች አስደንግጧል። በ1999 ዓ.ም. ሲደግመው ደግሞ የመጀመሪያው በአጋጣሚ የመጣ እንዳልነበር አሳይቷል። በዚያ ዘመን ሊጉ በደርሶ መልስ ስለሚካሄድ ደጋፊ የሚጓዘው በቀጠሮ ነበር። የደጋፊ ማኅበሩ አውቶቡስ ይከራያል፣ ባንዲራ በመስኮት ይወጣል፣ ጭፈራው ከቃሊቲ ጀምሮ ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን እያቋረጠ ሻሸመኔ ይደርሳል። አውቶቡሱ ሜዳው በር ድረስ አድርሶ እዚያው ይጠብቃል። መናኸሪያ መግባት አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ2013 ዓ.ም. ነው። በኮቪድ ምክንያት ያለፈው ዓመት ውድድር ተሰርዞ ስለነበር ሊጉ ሲመለስ ጨዋታዎቹ ለቴሌቪዥን ሥርጭት በሚያመች መልኩ በየተራ በተመረጡ ከተሞች እንዲሰበሰቡ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ተራቸውን ተወጥተው የመጨረሻው ምዕራፍ ለሀዋሳ ደረሰ። ፋሲል ከነማም በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያገኘው በዚያው ዓመት ነው። የ2014 ዓ.ም. ውድድርም የተጀመረው እዚያው ሀዋሳ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ሀዋሳ ከአዳማና ከድሬዳዋ ጋር ከሊጉ ማረፊያዎች አንዷ ሆና ቆየች።

ይህ አሠራር ሁሉንም እንግዳ አደረገ። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሸገር ደርቢን ለማየት ከአዲስ አበባ ይወጣል። የጎንደሩ፣ የባሕር ዳሩ ደጋፊ አገር አቋርጦ ይመጣል። የወላይታ ሶዶው በአንጻሩ ቀረብ ይላል። ክለብ በአንድ ከተማ ሳምንታት ስለሚቆይ የደጋፊ ማኅበር ለእያንዳንዱ ጨዋታ አውቶቡስ መከራየት አይሆንለትም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ አንዳንዴም ብቻውን፣ በራሱ ኪስ ትኬት የሚቆርጥ ደጋፊ በዛ። ይህ ደጋፊ ታዲያ የሚወርደው መናኸሪያ ነው።

ካርታው የሰው አፍ ነው

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደጋፊው ከቃሊቲ በአንደኛ ደረጃ አውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ውሃን አልፎ ከተማዋ ሲገባ ሰፊ መንገድና ዘንባባ ይቀበሉታል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው የከተማዋን «መስመሮች» ማወቅ ነው።

መጀመሪያ የሚያደናግረው ራሱ «መናኸሪያ» የሚለው ቃል ነው። በሀዋሳ መናኸሪያ የአውቶቡስ ማቆሚያ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ክፍለ ከተማ ስምም ነው። ከሐይቅ ዳር፣ ከታቦር፣ ከመሀል ከተማና ከሌሎቹ ጋር ይቆጠራል። «መናኸሪያ ነኝ፣ ና ውሰደኝ» ብሎ ለወዳጁ የሚደውል እንግዳ «መናኸሪያ የት ጋ?» የሚል መልስ ቢመጣበት ሊገርመው አይገባም። አጠገቡ ያለውን ባንክ፣ ሆቴል ወይም ቤተ ክርስቲያን መጥራት ይሻለዋል።

ሁለተኛው «ስታዲየም» የሚለው ቃል ነው። አዲስ አበቤው ስታዲየም ሲባል አንድ ብቻ ስለሚያውቅ እዚህም አንድ ይመስለዋል። በሀዋሳ ግን የቀድሞው የከነማ ሜዳ አለ፤ ከ2008ቱ ሴካፋ የምድብ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ የተካሄዱት እዚያ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ስታዲየምም አለ። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ «ስታዲየም» ብቻ ብሎ የተቀመጠ ደጋፊ ጭር ያለ በር ላይ ሊወርድ ይችላል። «ዛሬ ጨዋታ ያለበት ሜዳ» ማለት ግን ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። ሾፌሩ ከማንም በፊት ያውቃል፤ ሲያመላልስ የዋለው እዚያ ነውና።

ሦስተኛው፣ ኪስን የሚነካው፣ «ኮንትራት» የሚባለው ነው። የሀዋሳ ባጃጅ ሁለት ዓይነት ሕይወት አለው። አንዱ እንደ ታክሲ መስመር ይዞ፣ ሰው እየጫነና እያወረደ፣ ከፒያሳ ወደ አቶቴ፣ ወደ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመላለሰው ነው። ተሳፋሪው ሒሳቡን ከፍሎ መድረሻው ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ አለቀ። ሌላው ኮንትራት ነው። ባጃጇ ለአንድ ሰው ብቻ ትሆንና ዋጋው በስምምነት ይወሰናል። መናኸሪያ በር ላይ እንግዳውን የሚከብበው አብዛኛው የኮንትራት ፈላጊ ነው። ጥፋት አይደለም፣ ሥራው ነው። ይሁንና ዋጋ ሳይነጋገር የገባ ደጋፊ ሲወርድ የሚጠየቀው ገንዘብ ከጨዋታው መግቢያ በልጦ ሊያገኘው ይችላል። የለመዱት ተመላላሾች ዘዴ ቀላል ነው፤ ከመናኸሪያው በር ጥቂት እርምጃ በእግራቸው ወጥተው ዋናው መንገድ ላይ የመስመሩን ባጃጅ ይይዛሉ። በኮንትራት መሄድ ግድ ከሆነም መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ መግባት።

የዶሃው ወያላ

ሜትሮ ያለው ሁሉ የሰው ድምፅ አያስፈልገውም ማለት ግን አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኳታር የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ የዶሃ ሜትሮ አዲስ፣ ሾፌር አልባና የሚያብረቀርቅ ነበር። የሐያ ካርድ ለያዘ ተመልካችም በነጻ ያመላልስ ነበር። በየማዕዘኑ ምልክትና ቀስት ተተክሏል። ይህ ሁሉ እያለ የውድድሩ ድምቀት ከሆኑት ሰዎች አንዱ ሱቅ ዋቂፍ አጠገብ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የድምፅ ማጉያ በአንድ እጁ፣ ትልቅ የስፖንጅ ጣት በሌላው ይዞ «ሜትሮ? በዚህ በኩል!» እያለ የሚያዜም ኬንያዊ ወጣት ነበር። ደጋፊው እየተቀባበለው ዘፈን አደረገው። አዘጋጆቹም የእንግሊዝና የአሜሪካ ጨዋታ በተካሄደበት በአል ባይት ስታዲየም ተገኝቶ ተመልካቹን እንዲያዋዛ ጋበዙት። የሚገርመው አል ባይት ራሱ የሜትሮ ጣቢያ አልነበረውም፤ ደጋፊው የመጨረሻውን መንገድ በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው።

ለሀዋሳ መናኸሪያ ደንበኛ ይህ ወጣት ማን ነው? ወያላ ነው! ተራ አስከባሪ ነው! ልዩነቱ አንድ ነው። የዶሃው ልጅ ደመወዝ የተከፈለው እንግዳው በትክክል እንዲደርስ ነው፤ የመናኸሪያው ደግሞ የሚከፈለው መኪናው ሲሞላ ነው። አንዱ ስለ ደጋፊው ይጮሃል፣ ሌላው ስለ ወንበሩ። ድምፁ፣ ጉልበቱ፣ ቀልዱ ግን ያው ነው። አስተናጋጅ ከተማ በጨዋታ ቀን ከእነዚሁ ልጆች ጥቂቱን መለያ አልብሳ «ስታዲየም በዚህ በኩል» እንዲሉ ብትከፍላቸው ብዙ ቢሊዮን የሚፈልግ ሥራ አይደለም። አንድ ሰሌዳ ላይ የዕለቱን ሜዳ፣ የመስመሩን ባጃጅ መነሻና ታሪፉን መጻፍም እንደዚያው።

ስካርፉን መደበቅ

ጉዳዩ የጥቂት ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ የስፖርት ገጽ ላይ ባልቀረበ። ከዚህ የከበደ ነገር አለው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የአገራችን ስታዲየሞች በደጋፊ ግጭት የታመሱበት፣ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ የተዛወሩበት፣ ደጋፊ የክለቡን ማልያ ለብሶ ሌላ ከተማ መግባት የፈራበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጓዥ ደጋፊ አንድ ልማድ አዳብሯል፤ መናኸሪያ ሲደርስ ስካርፉን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይከታል። ሜዳው በር ሲደርስ መልሶ ያወጣዋል።

በመናኸሪያና በሜዳው በር መካከል ያለችው ያች አጭር መንገድ እንግዲህ የእንግዳ ተቀባይነት መለኪያ ናት። የባጃጅ ሾፌሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ደጋፊ ነህ?» ሲሆን እንግዳው ልቡ ትር ይላል። ቀጥሎ «ዛሬ እናንተ ትሸነፋላችሁ» የሚል ሳቅ ሲመጣ ልቡ ይመለሳል። በሀዋሳ መንገድ ላይ ይህ ሳቅ ብርቅ አይደለም። ከተማዋ የሠራተኛ፣ የተማሪና የነጋዴ ከተማ ናት፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ይኖርባታል። ኃይቆቹን ከሚደግፈው ጎን የጊዮርጊስ፣ የቡና፣ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ባጃጅ ይነዳል። ያች ሦስት ሰው የምትይዝ ጠባብ መቀመጫ ላይ የሁለት ተፎካካሪ ክለብ ደጋፊዎች ትከሻ ለትከሻ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ሒሳብ ሲከፈልም «ተው እኔ እከፍላለሁ» ይባባላሉ።

ኢትዮጵያዊ ደጋፊ መጓዝ ያውቃል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሩት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ሜትሮም አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ወገን ግን በመኪና በአውቶቡስ ሆኖ ምቦምቤላ ስታዲየምን ቢጫ በአረንጓዴ በቀይ አለበሰው። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ያለያየችውን ጎል ያስቆጠረው አዳነ ግርማ ደግሞ የሀዋሳ ልጅ ነው። ርቀት ደጋፊን አያስቀርም። የሚያስቀረው ደርሶ የሚቀበለው ማጣት ነው።

የመመለሻው ራስ ምታት

ጨዋታው አለቀ እንበል። የሜትሮ ከተማ እንግዳ ቢሆን የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አይቶ ይሮጣል። የሀዋሳው እንግዳ የሚሮጥለት የመጨረሻ ባቡር የለም። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በአገራችን በአብዛኛው የቀን ነው፤ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሳይመሽ መግባት ነው የቆየው ልማድ። የማምሻው ጨዋታ ተጠናቆ ደጋፊው ከሜዳ ሲወጣ መናኸሪያው በሩን ዘግቷል። ከቀኑ ጨዋታ የወጣውም ቢሆን እየመሸበት ነው። ወደ ሻሸመኔ ሚኒባስ ቢያገኝ እንኳ ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ መግባት ከባድ ነው።

በመሆኑም የአንድ ጨዋታ ወጪ ሲሰላ ትኬቱ ትንሹ ነው። የደርሶ መልስ መሳፈሪያ፣ ባጃጅ፣ ምግብ፣ ከሁሉም በላይ አልጋ አለ። ጨዋታ ባለበት ሰሞን የአልጋ ዋጋ ሲንር ደጋፊው ሦስት አራት ሆኖ አንድ ክፍል ይጋራል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያመሻል። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባው ደግሞ እሁድ ማምሻ ያለውን ጨዋታ ትቶ ቤቱ በቴሌቪዥን ቢያይ አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ «ሊጉ ተመልካች አጣ» ሲባል ጣት የሚቀሰረው በጨዋታው ጥራት ላይ ነው። የጨዋታ ሰዓት ሲወጣ የአውቶቡስ ሰዓት አብሮ መታየት እንዳለበት የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። በኳታር ሜትሮው በጨዋታ ቀናት ሌሊቱን ረዝሞ ይሠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደጋፊ ካልተመለሰ ነገ አይመጣም።

ሆኖም ያደረ ደጋፊ የሚያገኘው ካሳ አለ። ጠዋት በመስመር ባጃጅ ሐይቅ ዳር ወርዶ ፍቅር ሐይቅ ላይ ነፋስ ይቀበላል። አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባ ሲከቡ እያየ ትኩስ ዓሣ ይበላል። ማታ የተሸነፈበትን ጨዋታ እዚያው አጠገቡ ከተቀመጠው ከአሸናፊው ደጋፊ ጋር እንደ አዲስ ይተነትነዋል።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ። ትናንት ከበሩ ላይ ግራ ተጋብቶ የቆመው ደጋፊ ዛሬ በኮንትራት አይሄድም። የመስመሩን ባጃጅ ይዞ፣ ሒሳቡን ሳይጠይቅ ከፍሎ፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይወርዳል። ስካርፉ አንገቱ ላይ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ አልገባም። በሩ ላይ ያው ድምፅ ይቀበለዋል።

«አዲስ አበባ! አዲስ አበባ የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!»

ይገባል። መኪናው ገና ግማሹም አልሞላም።